ጌሙን ያኽተመች ልጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ኮምቦልቻ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ጌሙን ከፍቶ ሲቀመጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ከማሽኑ ጀርባ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መውጣት ይጀምራል፤ ባለቤቴ «ኧረ አጥፉት፣ ሊቃጠል ነው» ሲል እኔ ደግሞ ወንበሬን ወደ ሽታው ጠጋ አደርጋለሁ። ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ የሞቀ ሽቦ አለበት፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስስበው ኮምቦልቻ ከነሙቀቷ ትጠፋና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጉሙ በመስኮት ዘው ሊል ምንም የማይቀረው የልጅነት ጎረቤታችን የእማማ ዘይነባ ቤት ይመጣብኛል። ግን እውነቱን ለመናገር የምጠጋው ለትዝታ ብቻ አይደለም፤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ መሥሪያ ቤት የምውል ሴት ነኝ፣ ጌም እወዳለሁ፣ የሚስቅብኝም ይሳቅ።

የዛሬዎቹን ጌሞች አላማም። ዝናባቸው ዝናብ ነው፤ ሣሩ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፤ ፈረስ ላይ ወጥቶ ተራራ ለተራራ መሄድ ይቻላል፣ እኔም ልጄን ጦርነቱን ትተህ እስኪ ዝም ብለህ ሂድልኝ እያልኩ እለምነዋለሁ። የማልወደው ምክራቸውን ነው። በር ፊት ስትቆም በሩን ክፈት ይሉሃል፣ ወንዝ ዳር ስትደርስ ዋና ያስተምሩሃል፣ ብትሸነፍ እንኳ ሆድ እንዳይብስህ ያባብሉሃል። በአንጻሩ የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር የሚሉትንም አላምናቸውም፤ አብዛኛው ቆሻሻ ነበር፣ እኔ ምስክር ነኝ። የድሮው የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንም ስለማይነግረን ትርጉሙን ራሳችን እንሰጠው ነበር። ያ ትርጉም አንዴ ምን እንዳደረገን ልናገር።

ሰዓዳ የጎረቤታችን የእማማ ዘይነባ የልጅ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንማረው። እናቷ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ሰዓዳ ገና ድክ ድክ የምትል ስለነበረች እናቷን የምታውቃት በፎቶና በስልክ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከጂዳ የተመለሰች የሰፈር ሴት ከእናቷ የተላከ ዕቃ በሻሽ ተጠቅልሎ ይዛ መጣች። ሻሹ ሲፈታ ባለ ብዙ ቀለም ካርቶን ወጣ፣ ካርቶኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የዓረብኛ ጽሑፍ አለ። እማማ ዘይነባ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከመካ አገር የመጣ፣ በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ጥርጥር አልነበራቸውም። ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ቁምሳጥኑ ላይ ከፍ አድርገው አስቀመጡት፤ እኛም ቀና ብለን እያየነው ሰነበትን።

ምስጢሩን የፈቱት የሰፈሩ ኡስታዝ ናቸው፤ ልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ ሳቅ የማይወዱ ሰው ነበሩ። እማማ ዘይነባ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አቅርበው አንብቡልኝ ሲሏቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ እንደገና አነበቡ፣ ከዚያ ውሃ እንዳይነካው ይላል፣ የልጆች መጫወቻ ነው ብለው እስኪያነባቸው ሳቁ። እማማ ዘይነባ አላፈሩም። መጫወቻም ቢሆን ፊደሉ ያው ፊደል ነው አሉና ሕግ አወጡ፤ ዕቃው መሬት አይቀመጥም፣ እጁን ያልታጠበ አይነካውም። እስከ ዛሬ ጆይስቲክ ከመያዜ በፊት እጄን እታጠባለሁ፣ ልጄም ይስቅብኛል።

ዕቃው እማማ ዘይነባ ቤት ባለው ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን ነበር፤ አብሮት የመጣው ካሴት ላይ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጌም አለው ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩን አምነን ሁሉንም ልናዳርስ ተነሳን፣ ሳምንት ሳይሞላን ግን የተታለልን መሆኑ ገባን፤ ጥቂቶቹ ናቸው ስማቸውን እየለወጡ፣ አንዳንዴም ትንሽ እየፈጠኑ የሚመላለሱት። አጭበርባሪ ካሴት ነበር። ከመካከላቸው ግን አንዱ ታንኩ ነበር፣ ስለ እሱ ማንም ክፉ እንዲናገር አልፈቅድም። ሁለት ታንኮች፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ፣ በጡብ የታጠረች አንዲት ወፍ ይጠብቃሉ፤ ጠላት ከላይ ይመጣል፣ ወፏ ከተመታች አለቀ። ቢጫው የባለቤቷ የሰዓዳ፣ አረንጓዴው የእኔ። ታንክ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራውን አባቴን ልንጠይቅ በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ከመንገዱ ዳር ከጦርነቱ የቀረ፣ ዝገት የበላው አንድ ታንክ እናይ ነበር፣ ሣር በቅሎበት ፍየሎች የሚወጡበት። እኔ የሚታየኝ ያ የዛገው ተነስቶ ወፍ ሲጠብቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጌሞች ከነፀጉሩ ያሳዩኝ ወታደር እንኳ እንደዚያ አልታየኝም።

እማማ ዘይነባ ወደ ማታ ከገበያ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁን «አኽተማችሁ ወይ?» ብለው ነው። በእኛ አገር ልጅ ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር ቀርቶ፣ ማለትም አንብቦ፣ ሲጨርስ አኽተመ ይባላል፤ ይደገስለታል፣ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰብለታል። እማማ ዘይነባ ቃሉን ለጌሙ ያዋሉት ለቀልድ ይሁን ለፊደሉ ክብር አላውቅም፣ ግን በዚያ ቤት ማኽተም ማለት ታንኩን መጨረስ ሆኖ ቀረ። እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ ማርያም ጠበል ጠጥቼ የመጣሁት እንኳ፣ ዛሬ ሳናኽትም አልሄድም እል ነበር።

የሰዓዳ እናት አርብ አርብ በሰፈሩ ባለሱቅ ስልክ ትደውላለች። ወሬው ሁሌም አንድ ነው፤ ደህና ነሽ፣ ምን ልላክልሽ፣ መቼ ትመጪያለሽ። አንድ አርብ ግን፣ እኔ ጆሮዬን ከስልኩ ጀርባ ለጥፌ፣ ሰዓዳ እንደልማዷ መቼ ትመጪያለሽ ስትላት እናቷ «አብሽሪ የኔ ዓለም፤ ስታኽትሚ እመጣለሁ፣ ኢንሻ አላህ» አለች። አብሽሪ አይዞሽ ነው። ሁለታችንም ሰማን፣ ሁለታችንም ቅንጣት አልተጠራጠርንም። ሰዓዳ ቁርአን ቤት ገና ፊደል ላይ ናት፣ ስለ ቁርአን የሚያነሳባት የለም፤ በየማታው ማኽተሟ የሚጠየቀው በታንኩ ነው። ከሱቁ እስከ ቤት በሩጫ ሄድን።

ከዚያ ቀን በኋላ ጌሙ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በፊት እየተሳሳቅን ሆን ብለን እርስ በርስ እንተኩስ ነበር፣ የተመታችው ታንክ ብልጭ ድርግም እያለች ስትቆም በሳቅ እንሞታለን፤ አሁን ሰዓዳ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳትናገር፣ ሳትበላ ትጫወታለች። ቁርአን ቤትም መቅረት ጀመረች። ክረምት ነበር፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ትንሽ ካካፋ መብራት ይሄዳል። ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። መብራት ሲሄድ የደረስንበት ሁሉ ይሄዳል፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው ግድግዳ፣ ከአንደኛው ደረጃ ነው። ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ ሰዓዳ የጠፋውን የቴሌቪዥን መስታወት እያየች ትቀመጣለች፣ ውስጡም እሷው ራሷ ትታያለች። ዛሬ ልጄ ድልድይ ሊሻገር ሲል ያስቀምጣል፣ ወድቆ ቢሞትም ከድልድዩ ጫፍ ይነሳል፤ ምቾቱን አልቃወምም፣ ግን ድልድዩን አይፈራውም፣ ያልፈራውን ደግሞ ሲያልፍ ደስ አይለውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ ጸና። ደርሰንበት የማናውቀውን ደረጃ አለፍን፣ ከዚያም ያንን የሚከተለውን። ከዚያ የመጨረሻው ጠላት ፈነዳ፣ ማሳያው ግራጫ ሆነ፣ ሲመለስ ያ የምናውቀው የመጀመሪያው ግድግዳ መጣ፣ ቁጥሩም አንድ ይላል። እኔ ተበላሸ ብዬ ልጮህ ስል ሰዓዳ ጆይስቲኳን ቀስ ብላ አስቀምጣ «አኽተምን» አለች። ያኽተመ ሰው ወዲያው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ቁርአን ቤት ትልልቆቹ ሲያደርጉ አይታለች። ለእሷ ይህ ከሁሉ የበለጠ ማረጋገጫ ነበር። ታጠበች፣ የኢድ ቀሚሷን ለበሰች፣ ወጥታ በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ፊቷን ወደ መኪና መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። እኔም ጫማዬን ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ መኪና አለፈ። ፀሐይዋ ጦሳ ጀርባ ልትገባ ስትል እማማ ዘይነባ ዘንቢላቸውን ይዘው ደረሱ፣ ምን ሆናችሁ ሲሉ ሰዓዳ አኽትሜያለሁ፣ እማ ልትመጣ ነው አለቻቸው። እሳቸው ዘንቢሉን አስቀመጡ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ ከጎናችን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ቀሚሷን እያስተካከሉ «እናትሽ ያለችው ቁርአኑን ነው፣ የኔ ዓለም። ቃሉን ያለ ቦታው ያዋልኩት እኔ ነኝ፤ ለኔ ብለሽ ይቅር በይኝ» አሉ። ሰዓዳ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም፣ ፊቷን ከመንገዱ መለሰችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ቁርአኑስ መብራት ሲሄድ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። የቀራሽው ያንቺ ነው።»

በማግስቱ ቁርአን ቤት ሄደች፣ ከዚያ በኋላም ቀርታ አታውቅም። እኔ በዚያ መሃል ደሴ ፒያሳ የተከፈተው ጌም ቤት እሄድ ጀመር፤ ወንዶቹ መጀመሪያ ሴት መጣች ብለው ተሳሳቁ፣ ኳስ ስረታቸው ተዉት። ዲስክ የሚበላ ማሽን ነበር፣ የተጫዋቾቹ ጀርባ ላይ ቁጥር ይታያል፣ ተመልካቹ ይጮሃል። ወደድኩት። አንድ ግብ ሲገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ትከሻዬን ይመታኝ ነበር፤ ዛሬ ልጄ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጫወት አጠገቡ ያለሁት እኔ እንኳ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። ነገር ግን ከፒያሳ ስመለስ ሁልጊዜ በኡስታዙ ቤት በኩል እዞር ነበር፣ ከልጆቹ ድምፅ መሃል የሰዓዳን ለመለየት። ድምፅዋ በየጊዜው እየጠራ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

አኽተመች። ድንኳን ተጣለ፣ በግ ታረደ፣ ኡስታዙ እንደገና ሲስቁ ታዩ። እናቷም መጣች፣ ቃሏን አላጠፈችም። ጠይም፣ ረጅም፣ ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ፣ እያለቀሰች እጇን የዘረጋች ሴት፤ ሰዓዳ ግን እንግዳ እንደምትቀበል ጎንበስ ብላ እጇን ጨበጠቻት፣ እናትየውም ያን ጊዜ ብሶባት ተንሰቀሰቀች። ከድግሱ በኋላ ነገሩ ታወቀ፤ የመጣችው ልትወስዳት ነው። እኔ የቆጠርኩት እናቷ የምትመጣበትን ነበር፤ የመጣ ሰው ይዞ እንደሚሄድ አላሰብኩም።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሳይነጋ ስለሚነሳ ስንብቱ የዋዜማው ቀን ሆነ። ሰዓዳ ማሽኑን በዚያው ሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ እጅሽን ታጠቢ አለችኝ። እማማ ዘይነባ ደጁ ላይ ቆመው ዱአ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጂዳ ትኑር፣ ከዚያም ትለፍ፣ አግብታ ትውለድ አላውቅም፤ እማማ ዘይነባ ካረፉ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ዛሬ ልጄ ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር በአንድ ጠቅታ ይገናኛል፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ማሽን ይዤ አንዲት የቧንቧ ውሃ ልጅ ማግኘት አልቻልኩም፣ ይህ ያናድደኛል።

ሰዓዳ በሄደችበት ዓመት አባቴ ቴሌቪዥን ገዛ። ማሽኑን ሰክቼ ታንኩን ከፈትኩ፤ ብቻውን የሚጫወት የሚመርጠው አለ፣ ሁለት የሚሆኑ የሚመርጡትም አለ። የሁለቱን መረጥኩ። በሷ ጆይስቲክ አስጀመርኩና ሻሹ ላይ መልሼ አስቀምጬ የራሴን አነሳሁ። ቢጫዋ ታንክ ከወፏ አጠገብ፣ እንደተነሳች፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች። ጠላት ከላይ መውረድ ሲጀምር ወፏን ትቼ ወደ ቢጫዋ ሄድኩ፣ ከፊቷም ቆምኩ፣ እናቴ እራት ቀርቧል ብላ እስክትጠራኝ ድረስ የምጠብቀው እሷን ነበር።