የሐሙሱ ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ነበረ እንጂ፣ እንዴት አይኖርም? አሁንም የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ታክሜ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ጣራ ሳይ ስለከረምኩ ነው።

ከዓይኔ ብሌን ፊት ያለው መስታወት ውስጠኛ ሽፋኑ ደክሞ፣ ውሃውን ማስወጣት አቅቶት፣ ሁሉ ነገር ጭጋግ ሆኖብኝ ነበር። ሐኪሙ ከሞተ ሰው የተወሰደች፣ ከእንቁላል ቅርፊት ሥር ካለችው ስስ ነገር እንኳ የምትሳሳ ሽፋን ተካልኝ። በአየር አረፋ ደገፋትና «እስክትጣበቅ ፊትዎን ወደ ላይ አድርገው ይተኙ» አለኝ። ስወጣ ወረቀት ሰጠኝ። ዓይንዎ ከቀላ፣ ብርሃን ካስጨነቀዎት በዚያው ቀን ይምጡ ይላል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ስትባል፣ ለጀማል ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ጀማል የደራ ልጅ ነው፤ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናው ከቀበሌያችን ቢሮ ፊት ለፊት፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበረች። አንድ ዓይኑ በልጅነቱ በኩፍኝ ጠፍቷል። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ሁለተኛውም እንደ አምናው የእኔ ደምኖ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት፣ መኪናዋን በሸራ ሸፍኖ ነበር። ቢሮዬ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጣል። ጋዜጣ አነብለታለሁ። እሱ ደግሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ በኮቴው እየለየ፣ «ይሄኛው ሱሪው ረዝሞበታል፣ እየጎተተው ነው» እያለ በሹክሹክታ ያስቀኛል። ወደድኩት። እሱ ሙስሊም፣ እኔ የቄስ ልጅ፤ አልነገርኩትም። ግን ወደድኩት።

ሁለት ዓመት ጠብቆ አዲስ አበባ ተራው ደረሰ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ውስጡን ብቻ መለወጥ የለም፤ የዓይኑን መስታወት እንዳለ አንስተው የሞተ ሰው መስታወት በክር ሰፉለት። ፋሻው ሳይነሳ ሲመጣ የሐኪሙን ማሳሰቢያ አነበብኩለት። ፋሻው ተነስቶ ሲያየኝ «ዘኒ፣ አንቺ ነሽ? ድምፅሽ እኮ ረጅም ነበር!» ብሎ ሳቀብኝ። ስለ ስፌቱም «ልብስ ሰፊ ሆኜ እንዲህ ያለ ስፌት አላየሁም» አለ።

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ግን ወደ መኪናው ተመለሰና አግዳሚዋ ባዶ ቀረች። ከመንገዱ ማዶ እጁን ያነሳልኛል፣ «ዓይንሽ ጠፋ እኮ!» ይለኛል። እኔስ የት ሄጄ? በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ እያየሁት እውላለሁ። ፊት ለፊቴ ያለ ሰው እንዲህ ይናፍቃል?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ዓይኑን በመሐረብ ይዞ መጣ። «ዘኒ፣ ቀላብኝ። ብርሃኑ ይወጋኛል። ወረቀቷን ቶሎ ሥሪልኝ።» ያለ ቀበሌ ይለፍ ከናዝሬት መውጣት አይታሰብም፤ ኬላው ላይ ከአውቶቡስ ያወርዳሉ። የስፌት መኪናዋን ሊያስገባ ሄዶ ሳለ ጻፍኩለት። የቀበሌው ሊቀመንበር ለስብሰባ ወደ አሰላ ሊወጣ ሲል ፈረመ። ማኅተሙን መታሁበት። አለቀ። ወረቀቷን ይዤ ብቅ ስል ጀማል በድሮ ቦታው፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ኮቴዬን ሰምቶ ፈገግ አለ። ወደ ውስጥ ተመልሼ ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

«ሊቀመንበሩ ሳይፈርም ወጣ» አልኩት።

ለምን? ክፉ አልተመኘሁለትም። አንዲት ቀን እንዲቀመጥልኝ፣ ጋዜጣ እንዳነብለት ነው የፈለግሁት። ግን አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ? «በዚያው ቀን» የሚለውን ያነበብኩለት እኔ አይደለሁም?

ዓርብ ልሰጠው ነበር። አሰላ ያለ ሰው እንዴት ፈረመ ልበለው? ፈራሁ። ቅዳሜ «ዘኒ፣ ጭጋጉ ተመለሰ» አለኝ። እኔ «ሰኞ ይመጣል፣ አይዞህ» አልኩት። አይዞህ አልኩት! ወረቀቷ ከጉልበቴ አጠገብ ነበረች።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ሲመለስ ወረቀቷን ለጀማል ሰጠሁት። «አላህ ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ ዛሬም አላገኛትም» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሰውነቱ እንግዳውን መስታወት አልቀበልም ብሎ ነበር። ቶሎ ቢደርስ በመድኃኒት ይመለስ ነበር አሉ። ሌላ መስታወት ሳይገኝለት ቀረ። መኪናዋን ሸጠ። ጀማል ወደ አግዳሚው ተመለሰ፤ የተመኘሁትን አገኘሁ። ጋዜጣ አነበብኩለት፤ እንደ ድሮው ግን አላሳቀኝም። «አካም ጅርታ ዘኒ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራል፣ እንጫወታለን፣ ሊነሳ ሲል «ሌላስ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው ብዬ «ሌላው ደህና ነው» እላለሁ። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ግድግዳውን ዳብሶ ይሄዳል።

ደርግ ሲወድቅ ቢሮው ተዘጋ። ጀማል ደራ እህቱ ፋጡማ ዘንድ ገባ። አልፎ አልፎ ለጉዳይ ወደ አዳማ ሲመጣ ድምፄን ፈልጎ ያገኘኛል። «ዓይንሽ ጠፋ!» ይላል። ስንለያይም «ሌላስ?»

ሲሞት ለቅሶ ደራ ሄድኩ። ያኔ አዲስ አበባ ይዛው የሄደችው ፋጡማ ነበረች። እያለቀሰች እንዲህ አለችኝ። «ሐኪሙ ወረቀቷን አይቶ፣ ሐሙስ የተጻፈ ይዘህ እስከ ዛሬ የት ነበርክ? በገዛ እጅህ አጠፋኸው ብሎ ጮኸበት። ጀማልም ሥራ ይዞኝ ነው አለ። ሰው ዓይኑን በሥራ ይለውጣል? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ቀኑን ረስቼው ነበር። ማየት ለተሳነው ሰው የሰጠሁት ወረቀት ላይ ሐሙስ ተብሎ በእጄ ተጽፏል። ለፋጡማስ ነገርኳት? አልነገርኳትም። ወንድሟን ስታማው፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር። ስድቡን ስለ እኔ ተቀብሎ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እስክነግረው ሲጠብቀኝ ኖረ። እኔ ደህና ነው ስለው ኖርኩ።

ዛሬ በባዕድ ሰው ሽፋን አያለሁ። ዓይኔ ቢቀላ ማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ አውቶቡስ ላይ እወጣለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። ፊቴን ወደ ጣራው አድርጌ በተኛሁባቸው ቀናት ድምፁ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሌላስ ዘኒ?

ሐሙስ ተፈርሞ ነበር ጀማል። መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች።