የማይንቀሳቀሱ ስልኮች

ቤተ ክርስቲያናችን አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ነው። እዚያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ያልጠየቀኝ ሰው የለም፤ የገባውም የለም። ለአረብ አገሮች የዳታ ሥራ ነው ስል አንዳንዱ የኢንተርኔት ጥቅል የምሸጥ ይመስለዋል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም፣ «ልጄ፣ ነርሲንግ ስኩል አፕላይ አድርጊ፤ እሱ ስቴዲ ሥራ ነው» ብለው መክረውኛል። አልተቀየምኳቸውም። እዚያው አትላንታ አጠገብ ሮዝዌል ካለ ቢሮ ተቀምጬ፣ እግሬ ረግጦት ለማያውቅ በረሃ የውኃ ቦቴ የት ይቁም፣ ትምህርት ቤት የት ይሠራ እያልኩ ካርታ ላይ ነጥብ ስለቅም ዓመታት ስላለፉ፣ ሥራዬ ለራሴም ግራ የሚሆንብኝ ጊዜ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ አጋማሽ የደረሰን ሥራ ግን ከሌላው ይለይብኝ ነበር። የአንድ አረብ አገር ጤና ቢሮ የውጭ አገር ሠራተኞች በነጻ የሚታከሙባቸው መኪኖች አዘጋጅቷል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱም እዚያው ውስጥ ነው። የትኛው ሰፈር ይቁሙ የሚለውን ከስልክ መረጃ አጥንተን እንድንነግረው ጠየቀን። ስምም ቁጥርም የሌለበት መረጃ ነው፤ አንድ ስልክ የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር፣ ወደ የትኛው አገር እንደሚደውል ብቻ ያሳያል። በዚያች ከተማ ደግሞ ታናሽ እህቴ በሰው ቤት ትሠራለች። ጎኔን ይወጋኛል ማለት ከጀመረች ወራት አልፏል። ታከሚ ስላት እሺ ትለኛለች፤ አትታከምም። በእሷ ሰፈር አንድ መኪና ቢቆም ለእኔ ከደመወዝ ይበልጥብኝ ነበር።

ካርታው እንዳለቀ መጀመሪያ ያየሁት የእሷን ሰፈር ነው። ባዶ። የሐበሻ ሴት የማታጸዳው ግቢ በማይገኝበት ሰፈር አንድ ነጥብ የለም። ክው አልኩ። እንዴት ሊሆን ይችላል ብዬ ወደ ኋላ ስመረምር ነገሩ ከራሳችን ልማድ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። መረጃ ስናጸዳ፣ ለሳምንታት ከአንድ ቦታ ንቅንቅ የማይል ስልክ ሰው የለበትም ተብሎ ይጣላል፤ ሲም የገባበት የመብራት ቆጣሪ ወይም የበር ማንቂያ ነው ይባላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ ኮምፒውተርም ሦስተኛ ሆኖ ይጨመርላቸው። የተጣለውን ፋይል ከፍቼ ሳይ እነዚያ «ቆጣሪዎች» ወደ ኢትዮጵያ ይደውላሉ። አብዛኛው ጥሪ ጮኾ የሚቋረጥ ሚስኮል ነው። የመብራት ቆጣሪ ለማን ብሎ ሚስኮል ያደርጋል? ብዛታቸው ደግሞ ጉድ ነው።

አለቃዬ ራሱ ከአረብ አገር የመጣ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ሳሳየው እንደ እኔው ደነገጠ። ከዚያ፣ ሰዎች ከሆኑ ታዲያ ለምን አይንቀሳቀሱም ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ነው ሐበሻነቴን ያወጣሁት። በሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ስልካቸውን አሠሪ እንዳይነጥቃቸው ይደብቁታል፤ ሲወጡም ፍራሽ ሥር ትተውት ነው የሚወጡት አልኩት። መደበቃቸውን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እህቴም ተደብቃ ነው የምትደውልልኝ፤ በዚያ ላይ አርብ አርብ እረፍት አለኝ ትላለች፣ ጓደኛዬ በስልኳ አነሣችኝ እያለች ከባሕር ዳርቻ ፎቶ ትልክልኛለች። ስለዚህ ትወጣለች፣ ስልኩ ይቀራል። ማን ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል? አለቃዬ በጣም ተደሰተ፤ ስብሰባ ላይ እኔው እንድናገር አደረገ። በቪዲዮ የነበሩት የዚያ አገር ሰዎች ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ምንም አልጠየቁም። መኪኖቹ እንደገና ተደለደሉ። አንደኛው የእህቴ መንገድ ላይ ሆነ።

በሳምንቱ ለኳየር ልምምድ ሊልበርን ደርሼ ፓርክ ሳደርግ ሚስኮሏ መጣ። መልሼ ደወልኩና አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳት። ሐኪም በራችሁ ሊመጣ ነው፣ በነጻ ነው፣ ፓስፖርት የሚጠይቅሽ የለም አልኳት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለችኝ፦

«እታለም፣ በሩን ማን ይከፍትልኛል?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። አርብስ? ባሕሩስ? ፎቶዎቹ ሁሉ የአንድ ቀን ናቸው አለችኝ። በሄደች ሰሞን አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን እንድትጠብቅ ይዘዋት ወጥተው የተነሣቻቸው ናቸው፤ እማዬ እንዳትጨነቅ አንድ አንድ እያለች ነው የምትልክልን። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሻርፕ፣ አንድ ፀሐይ። በመረጃ የሰው ኑሮ አነባለሁ የምል ሴትዮ ያን ሁሉ ጊዜ አይቼው አላየሁትም። ከባሕሩ ቀን ወዲህ እህቴ ከግቢው ወጥታ አታውቅም። አሠሪዎቿ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል።

ፍራሽ ሥር ተትቶ የቀረ ስልክ አልነበረም፤ ስልኩም እሷም አብረው ነው የተቀመጡት። ከተጣሉበት መልሼ ካርታው ላይ የረጨኋቸው ነጥቦች ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ እሷ የተቆለፈባቸው ሴቶች ናቸው። የስብሰባው ሰዎች ለምን እንዳልጠየቁኝም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያውቁ ነበር። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ፈራሁ። ሐኪሙ እኮ ያንኳኳል፣ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፣ ኤምባሲም አለ እያልኩ መንተባተብ ጀመርኩ። ጎኗን የሚወጋት እሷ ሆና ሳለ የምታባብለኝም እሷ ሆነች።

«ተይ አታልቅሺ። መኪናው ይቁም፣ መውጣት የምትችል አትጠፋም። ለእኔ ግን እታለም፣ በራችን ላይ ቢቆምም አትላንታ ቢቆምም አንድ ነው።»

ሰው መጣባት መሰለኝ፣ መስመሩ ተዘጋ።