ጣሳ ውስጥ የወለደችው ሸረሪት

ፌንጣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ አለ፤ ደረቅ እግሯ ይቧጥጣል፣ ዘላ ትወድቃለች፣ ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ ትጀምራለች። ባለፈው ሳምንት አንዲቱ ከጓሮ ዘላ ባልዲዬ ውስጥ ገብታ ያንኑ ድምፅ ስታሰማ፣ የማሰጣውን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ ብልባላ መንደር የነበረው ቤታችንና ያቺ ፀጉራም ሸረሪት ታወሱኝ።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ በመስከረም ወደ ሑመራ ወርዶ፣ ገና አልፎ ጥምቀት አልፎ ወሬው እንኳ አልመጣም ነበር። እናቴ እኔንና ሁለት ታናናሾቼን ይዛ ቀረች። በበጋው ቀኑን ሙሉ እርከን ስትሠራ ትውልና፣ ስትመለስ ውሃ ቀድታ፣ ለከብቶቹ ገለባ ሰጥታ፣ ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት እርከኑ ላይ ስደርስ፣ ከፈነቀለችው ድንጋይ ሥር መዳፌን የምታህል ቡናማ ሸረሪት ወጣች። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች እየጮሁ ሸሹ።

«ግደያት እንጂ!» አሏት።

እናቴ ድንጋዩን ከፍ አድርጋ ትንሽ ያዘችውና መልሳ አስቀመጠችው። «ለሷ የሚተርፍ ጉልበት የለኝም» አለች።

እኔ ግን በእንጨት ገፋ ገፋ አድርጌ ምሳ ባመጣሁበት አገልግል ውስጥ አስገባኋትና ከድኜ ወደ ቤት ወሰድኳት። አፉ የተቆረጠ የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነበረን፤ አፈር ሞልቼበት፣ ሸረሪቷን ጨምሬ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፌንጣ እያደንኩ እጥልላት ነበር። እናቴም «ከልጆቹ አርቂያት» ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ሸረሪቷ መብላት ተወች። ጉድጓድ ቆፍራ፣ አፉን በድር ሸፍና ተደበቀች፤ ሞታለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በሚያዝያ አንድ ጠዋት ጨርቁን ስገልጠው ግን እንደ ባዘቶ የነጣ ድብልብል ነገር በእግሮቿ አቅፋ አየኋት። ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ እየሮጠች መጣች።

«እንቁላል ነው እኮ! ያለ ወንድ? ኧረ በስመ አብ!»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። «ከመያዟ በፊት አርግዛ ነዋ» አለች። «ባሏ ሑመራ ወርዶባት ይሆናል።»

ከመስከረም ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ሙሉም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እኛ ካቆምን በኋላ ግን እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ብዙ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ በየቀኑ እየመጡ ጣሳውን ያነሡት፣ ያዘነብሉት፣ ይንጡት ነበር፤ እኔም ባለቤት ነኝና እኮራ ነበር። ሸረሪቷ ድብልብሉን ይዛ ከጥግ ጥግ ትዞራለች፤ የጣልኩላትን ፌንጣ አትነካም። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገልጠው፣ ነጩ ነገር ተቀዷል፤ እሷም እያኘከችው ነበር።

ዱላ አነሣሁ። እናቴ ጄሪካን አዝላ ስትገባ ደረሰችና እጄን ያዘች።

«ልጆቿን በላቻቸው!» አልኩ።

«አየሁ።»

«ምን ዓይነት እናት ናት?»

ጄሪካኑን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጣሳውን ስትንጡባት የት ትሂድ? ልጅ የምታሳድግበት ቦታ አይደለማ። አትፍረጅባት።» ከዚያ ፊቴን ሳታይ፣ «ሰኔ ሲገባ ኮን ከተማ ትሄጃለሽ። አክስትሽ እሺ ብላለች» አለችኝ።

ሸረሪቷን ለነካካሁበት ቅጣት መሰለኝ። በማግስቱ እርከኑ ድረስ ወስጄ ለቀቅኳት፣ ይቅር እንድትለኝም ለመንኳት፤ እናቴ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ኮን ብርድ ነው። ክረምቱን ጭጋጉ ከበር አይጠፋም ነበር። አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ ልጆቿን አዝልላት ነበር፣ ትምህርትም አስገብታኛለች። ሆኖም ማንኛውንም ዕቃ ስነካ እጄ ይፈራ ነበር፤ አንድ ነገር ባበላሽ ከዚያም የምባረር ይመስለኝ ነበርና። አባቴ በዓመቱ ወባ አክስቶት ተመለሰ። እኔ የተመለስኩት ግን በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ትንሹ ወንድሜ አላወቀኝም፣ እናታችን ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ።

አሁን ላሊበላ ከተማ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ፤ እናቴም አብራኝ ናት። የባሌ ሥራ አገር ጎብኚ ሲመጣ አለ፣ ሲቀር የለም። ያኔ እናቴ ሁሉን የምትችል ትመስለኝ ስለነበር፣ እኔን የሰደደችኝ ስለፈለገች ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ እሷ በዚያን ጊዜ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ አንዳንድ ቀን ልጆቼ ተኝተው ሳያቸው፣ ከሁለቱ የትኛው ሰው ቤት መኖር ይችል ይሆን ብዬ አስባለሁ። አፍሬ ሐሳቡን አባርረዋለሁ።

በቀደም የእናቴን እግር ሳጥብ፣ «ኮን ከፍቶሽ ነበር?» አለችኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጠይቃኝ አታውቅም።

«አልከፋኝም፣ እማ።»

«ዋሸሽኝ» አለች።

ሌላኛውን እግሯን ተቀበልኳት።