የሙከይፉ ስብከት

የባሌ አጎት፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ የቤት ዕቃ አይተው ዝም ብለው አያልፉም። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አብረውን በኖሩባቸው ዓመታት ያልተሰበከበት ዕቃ አልነበረንም። ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንላት፣ ሦስት ጎማ ስላላት ምሥጢረ ሥላሴን ታስተምራለች። የጥርስ ብሩሽ ንስሐ ነው፤ በየቀኑ ካልሆነ ዋጋ የለውም። የጋዙ አምቡባ፣ ሲሊንደሩ፣ ደግሞ ሞት ነው፤ ሳይናገር ያልቃል። ባለቀ ቁጥር እኔ ወጤን ጥጄ ስብከት እሰማለሁ። ደስ ያላቸውን በዋትስአፕ በድምፅ ቀድተው ለዘመድ አዝማድ ይልኩታል።

ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ የመውለጃ ወሬ ገብቷል። ወቅቱ ግንቦት ነው፤ የካርቱምን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቅልፍ የማገኘው መስኮታችን ላይ በተገጠመው ሙከይፍ ብቻ ነበር፤ ጭድ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ሣጥን። እሱ ከሌለ እኔም የለሁ።

አንድ ቀን ጧት ተነስቶ ትኩስ አየር ይነፋብኝ ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚወጣው ግን የምድጃ ወላፈን ነው። ባሌ ለሥራ ኦምዱርማን ሄዷል። ሠራተኛ ልጥራ ብል ጁምዓ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ። ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙከይፍ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሮጬ፣ የእኔ ሩጫ ሩጫ ከተባለ፣ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ዛሬ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም ናት። በበዓሏ ብረት አልነካም» አሉኝ።

ወይ ጉድ! በጁምዓ ሱዳኖቹ አይሠሩ፣ በማርያም ጋሼ አይሠሩ። እኔ በየትኛው ሃይማኖት ልተኛ?

ስብከት ግን በበዓልም ይፈቀዳል። መጥተው ሙከይፉ ፊት ቆሙና «አየሽ ልጄ፣ ጸሎት የሌለው ሰው እንደዚህ ነው። ይጮኻል፤ ከውስጡ የሚወጣው ግን ትኩሳት ነው» ብለው ስልካቸውን አወጡ። ሊቀዱት ነው!

አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። «ጋሼ፣ እመቤታችን እኮ ልጇን አቅፋ ግብፅ የተሰደደች ናት። ግብፅ ጎረቤታችን ናት፤ ይሄን ሙቀት ታውቀዋለች። ለእርጉዝ ሴት አንድ ብሎን ቢያጠብቁ የምትቀየም ይመስልዎታል? ከተቀየመችም በእኔ ይሁን!»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። አማተቡና እኔን አስከትለው በጓሮ በኩል ዞሩ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ክዳኑን አነሱ። ውስጡ ጠብታ ውሃ የለም። ቀጭኑን ቱቦ በጣታቸው እየተከተሉ ግድግዳው ላይ ካለችው ቧንቧ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቀሩ። ቧንቧዋ ተዘግታለች።

ትዝ አለኝ። በዋዜማው ማታ ከሙከይፉ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አይተው ስለ ሐሜት ሰብከውልን ነበር፤ ጠብ ጠብ እያለ ቤት ያፈርሳል ብለው። ስብከቱን ሲጨርሱ ቧንቧዋን ጥርቅም ያደረጓት ራሳቸው ናቸው።

ለእሳቸውም ትዝ ብሏቸዋል፤ ቀና ብለው አላዩኝም። በሁለት ጣታቸው ጠመዘዟት። መፍቻም አላስፈለገ። ጥቂት ቆይቶ ቀዝቃዛው አየር መጣ፤ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ መጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ሆዴን ነካኝ። ልጄም ውስጤ ተገላበጠ።

«የዚህስ ትምህርቱ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው፣ ክፍሌ በር ላይ ብቅ ሲሉ። ያን ቀን ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

መጋረጃውን በእጃቸው ጋረዱልኝና «የለውም። ተኚ ልጄ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።