እመቤቲቱ እንዴት ዋለች?

በምርምር ጣቢያው ውስጥ «አባ ጥንቸል» ይሉታል። ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን በዚያ ስም አቤት ሲል ጸጉሩ ሸበተ። ሥራው ጥንቸሎቹን መመገብ፣ ቤታቸውን ማጠብ፣ ሐኪሞቹ ሲፈልጓቸው ደግሞ አቅፎ ማድረስ ነው። ጥንቸል መቼም የፈሪ ፈሪ ናት፤ ከደነገጠች ተራግጣ የገዛ ወገቧን ትሰብራለች። እሱ ታዲያ ብብቱ ሥር ሸጎጥ ያደርጋትና ዓይኗን በመዳፉ ይሸፍናል። ያኔ እርግት ትላለች። የማታየውን ምን ብላ ትፈራዋለች?

ጣቢያው የሚያጠናው የጉበት ካንሰርን በሙቀት መግደል ነው። የጥንቸሏ ጉበት ላይ እባጭ እንዲበቅል ይደረጋል፤ ከዚያ በማደንዘዣ ያስተኟትና ቀጭን መርፌ እባጩ ውስጥ ይሰዳሉ። የመርፌው ጫፍ ይግላል፤ እባጩ እዚያው ባለበት ይበስላል። «መቀቀል ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን አለው» ይላል አባ ጥንቸል ለጠየቀው ሁሉ። ዋናዋ ተመራማሪ አንድ ቀን ሰምታው ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።

ከጥንቸሎቹ አንዷን «እመቤቲቱ» ብሎ ይጠራታል። ያደረ ውሃ ከቀረበላት ሳህኑን በአፍንጫዋ ገፍታ ትደፋውና ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ይህን ኩራቷን ነው የወደደላት። መርፌው ከገባላት በኋላ ሁለት ቀን አኩርፋ ተኝታ፣ ከዚያ ጎመኑን ከእጁ ትነጥቀው ጀመር። ደስታውን የት ያድርሰው! በቀጥታ ለታላቅ እህቱ ሄዶ ነገራት።

እህቱ ያሳደገችው ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ አቅፋ፣ ገርፋ፣ አስተምራ ሰው ያደረገችው እሷ ናት። አሁን በበኩር ልጇ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። የእሷም ሕመም ጉበቷ ላይ ነው። ሐኪሙ ልጇንና አባ ጥንቸልን ኮሪደር ላይ አቁሞ ነገሩን አልሸፋፈነም፤ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ እንዲህ ለሆነው ቢላም ሙቀትም አይሠራም አላቸው። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰና፣ «አጎቴ፣ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል። ካወቀች ከበሽታው በፊት ሐሳቡ ነው የሚገድላት» አለ። አባ ጥንቸል ቃሉን ሰጠ። ለእሷ «ጉበትሽ ትንሽ ተቆጥቷል» ተብሎ ተነገራት። ጠያቂውም ያንኑ እየተከተለ «አይዞሽ፣ ፊትሽ እኮ ዛሬ ወዝ አለው» ይላታል።

ከዚያ ወዲህ አባ ጥንቸል ከሥራ ሲወጣ በእሷ በኩል ሳያልፍ አይገባም። የሚያወራው ቢያጣ የጥንቸሏን ያወራል። እሷም ገና በሩን ሲከፍት «እመቤቲቱ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች። በላች፣ ዘለለች፣ ውሃ ደፋችብኝ ሲላት ትስቃለች። ልጇም እናቱ ስትስቅ ሰምቶ አጎቱን ይመርቃል። አንድ ምሽት ግን «እባጩስ?» አለችው፣ ሳትስቅ። «ጠፍቷል፣ እትዬ። ድናለች» አላት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ጥያቄዋን መላልሶ አሰበው። የማንን ወሬ ነበር የምትጠይቀው?

ጥናቱ ማለቁ አልቀረም። ሲያልቅ ጥንቸሎቹ ይገደላሉ፤ ጉበታቸው ተቆርጦ ይታያል። ያንን ድሮም ያውቃል፤ ስንቱን አቅፎ አድርሷል! የዚያን ዕለት ግን ተመራማሪዋ ፊት ቆሞ፣ «ይህቺን እንኳ ተዉልኝ። ድናለች፤ ቤቴ ወስጄ አኖራታለሁ» አለ።

«መዳኗን በምን አወቅህ?»

«ትበላለች፣ ትዘላለች።»

«እሱን እኔም አያለሁ። ውስጧን ግን ሁለታችንም አላየነውም» አለች። «ካልፈለግህ ሌላ ሰው ይያዛት።»

ለሌላ ሰው አልሰጣትም። ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ዓይኗን ሸፍኖ አመጣት። የጆሮዋን ደም ሥር በመርፌ ሲወጓት መዳፉን አላነሳም፤ ክንዱ ላይ ለስለስ ብላ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ተመራማሪዋ ጠርታ ጉበቱን አሳየችው። የእባጩ መሃል ነጥቶ ሞቷል። አጠገቡ ግን ወፍራም የደም ሥር ያልፋል፤ በዚያ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደው፣ ከደም ሥሩ ጥግ የቀረው እባጭ ከነሕይወቱ ተገኘ። ያውም እያደገ። መርፌውን ለወደፊት እንዴት እንደሚያስገቡት ታስረዳው ነበር፤ እሱ ግን የሚያስበው እህቱን ነው።

መንገዱን ሁሉ ውሸት ሲያዘጋጅ ሄደ። ደህና ናት፣ ውሃ ደፋችብኝ፣ ይኸው ነው። በሩን ሲከፍት እንደ ወትሮው ጠየቀችው። ያዘጋጀውን ውሸት ተወው። ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠና አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ መለመኑን፣ መርፌውን፣ ከደም ሥሩ ጥግ የተገኘውን።



«እናታችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትል ነበር» አለች። «የሰው በሽታ የሚደብቀውንስ ምን ትለው ነበር?»

እሱ የብርድ ልብሷን ጠርዝ ማስተካከል ያዘ።

«ስትወስዳት ዓይኗን ሸፈንክላት?»

«ሸፈንኩላት።»

«ደግ አደረግህ። እሷ የምትሰናበተው ሰው፣ የምትመርቀው ልጅ የላትም።» እጁን ፈልጋ ያዘችው። «እኔ አለኝ። አሁን የኔን ንገረኝ፣ እንደ እሷ አድርገህ።»

ከሳሎን የልጇ ድምፅ ይሰማል፤ የሰጠው ቃል ትዝ አለው። ቢሆንም ነገራት። የበሽታውን ስም ጠራላት፣ የተሰራጨበትን፣ ሙቀቱም ቢላውም የማይሆን መሆኑን። እንባው እየወረደ ነው የጨረሰው። እሷ አላለቀሰችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፣ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው።

«በል ልጄን ጥራልኝ» አለች። «እኔው ቀስ አድርጌ ልንገረው። እሱ ገና ልጅ ነው፤ ይደነግጣል።»

አባ ጥንቸል ተነሥቶ በሩን ከፈተ።