ከባህር እንዲያስቀሩልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ይህን የምጽፈው ልጄ ውሃ ላይ ሆና ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደሉን የማውቀውን ያህል ነው የምጽፈው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ግን ሐሳቡ ይገድለኛል።

ልጄ ባህር የሌለው አገር ሰው ወልዷት፣ ባህር የሌለው አገር አድጋ፣ ባህር ተማረች። ሐኪም ትሆንልኛለች ስል ዙሪክ ገብታ የዓሣ ነገር ጀመረች። ተውኳት። ባህሩ መጽሐፍ ውስጥ እስካለ ምን አገባኝ? ቤቷ እዚያው ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ነው፤ እዚያ የሚያስፈራ ውሃ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ደወለች። እኔ ጄኔቫ አጠገብ ቨርሷ የምትባል ከተማ፣ ከማጸዳበት ቤት፣ መሰላል ላይ ቆሜ መስኮት እወለውላለሁ።

«እማ፣ ባህር የሚያጠና መርከብ ላይ ቦታ አገኘሁ። ቀይ ባህር።»

ከመሰላሉ ወርጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ወንድሜን የበላውን ውሃ ልታክሚ ነው?»

ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ወደ የመን ሲሻገር ከነጀልባው ቀርቷል። ያለ ሬሳ ነው ያለቀስነው።

«ባህሩ ምንም አላደረገም፣ እማ። ጀልባው ላይ ሰው በዛ። ባህሩ ራሱ ታሟል።»

«ይታመማ! እሰየው!»

ዘጋችብኝ። የቤቱ ባለቤት ማዳም ለካ ሰምታኛለች፤ ምንድን ነው አለችና ነገርኳት። «ብራቮ! ኩሪ እንጂ! ለዓለም የሚያስቡ ልጆች ያስፈልጉናል» አለች። የእሷ ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው። ለዓለም አስብ ብሎ መርከብ ላይ የጫነው የለም።

አባቷ በሕይወት የለ፣ እንዲቆጣልኝ። ሽማግሌ ልልክባት ቆረጥኩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ይላካል። በባህር ምክንያት የላከ ግን ከእኔ በቀር አልሰማሁም። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው ለመንኩ። አንዱ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ነገር ማብረድ ያውቁበታል። ሁለተኛው በጉብዝናቸው ጊዜ ምጽዋ የባህር ኃይል ነበሩ። እሳቸውን አስቤበት ነው የመረጥኩ፤ ማዕበሉን፣ ሻርኩን ነግረው ያስደነግጡልኛል ብዬ።

ቅዳሜ ከጄኔቫ በባቡር ልጄ ቤት ሄድን። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች ልጄ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሹፌሩ።

«ውይ! ሊያገባኝ ነው እንዴ? ማን ነው እሱ?»

«እናትሽ ናት የላከችን።»

ወደ እኔ ዞረች። «ኖን፣ እማ! አይሆንም!»

«ልጄ፣ ያላት አንቺን ብቻ ነው። ባህሩን ለወንዶች ተዪው» አሏት ሹፌሩ።

«አባባ፣ ወንዶቹ ናቸው እኮ ያበላሹት!»

ሹፌሩ ሳቁ። ባህር ኃይሉ አልሳቁም። «ለመሆኑ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» አሉ።

«ኮራሉን ላጠና።»

«ያ ድንጋይ የሚመስለው? ቀዩ፣ ቢጫው? እየጠለቅን እናየው ነበር! ዓሣው በላዩ ሲርመሰመስ አበባ ነበር የሚመስል።»

ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው። ነጭ ነው፤ አጥንት ነው የሚመስለው። አንዱ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ተጠምጥሞበታል። ውሃው ሲሞቅ እንዲህ እንደሚነጣ፣ ካልቀዘቀዘለት እንደሚሞት ነገረቻቸው። «ያልሞተው የት እንዳለ ካላወቅን ማን ይጠብቀዋል?» አለች።

ባህር ኃይሉ ስልኩን ተቀበሏት። ስለ ዓሣው ጠየቁ፤ ስለ ኤሊው ጠየቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምነው አባቴ! ገና አልጨረስንም እኮ!» አልኳቸው።

«ጨርሰናል። ትሂድ።»

«ለማን ነው የመጡት እርስዎ?»

ሹፌሩም እሳቸውንና እኔን አየት አየት አደረጉና ተቀመጡ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። መረቋት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አሜን አለች። እኔ ግን አሜን ሳልል ቦርሳዬን አነሳሁ።

ስንመለስ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ጄኔቫ ልንደርስ ስንል ባህር ኃይሉ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ልጅሽ ደግ ልጅ ናት።»

«ደግነቷን መች አጣሁት? እርስዎ ባህሩን ያውቁታል። ይመልስልኛል?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«መርከቡ ጥሩ ከሆነ» አሉ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስለ ዓሣ ሲጠይቁ ዋሉ፤ መርከቡ ጥሩ ይሁን አይሁን ግን አንዴም አልጠየቋትም።