ይሁንልሽ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህን ነው፦ አዲስ የመጋረጃ ሱቅ ልከፍትበት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ በሙሉ፣ አንድ መንጋጋ ጥርስ፣ ቀበቶዬ ላይ ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ፣ እና ሰው ፊት ቆሞ አልቦት የማያውቅ አንድ ሰውዬ። ጥርሱን የሰበርኩት ተኝቼ ሳፋጭ ነው። ቀዳዳዎቹን የበሳልኝ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ስሄድ አይቶ ያዘነልኝ ጫማ ሰፊ ነው። ሰውዬው እኔ ነበርኩ፤ የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

ካዛንቺስ መጋረጃ እሸጥ ነበር። ጨርቁን በሜትር፣ ወሬውን በነፃ። ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ፣ ሱቄም አብሮ ፈረሰ። ሱቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ይከፈታል፤ የፈረሰው ግን መጋረጃ የሚሰቀልበት መስኮትም ጭምር ነው። ደንበኞቼ ከተማው ጫፍ ድረስ ተበተኑ። ስልክ የደወሉልኝ ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር ደህንነቴን ሊጠይቁ እንጂ ሊገዙ አይደለም። እኔም ቂርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ የራሴን መጋረጃ ሳይ ከረምኩ። አሰፋፉ ጥሩ አልነበረም።

ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ እሁድ ልብስ እያጣጠፈች፣ ከባልደረባዋ የሰማችውን ነገረችኝ። አንድ የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላለው ሰው የአንድ ዓመት የመምህርነት ትምህርት ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱን ያገኘ ሰው መስከረም ላይ በዩኒቨርሲቲው በራሱ ትምህርት ቤት ይቀጠራል። ዲግሪ እንኳ ነበረኝ። በርቀት ትምህርት፣ ሞጁሉን ከጨርቅ ጥቅል ሥር አድርጌ፣ ደንበኛ ሲገባ እየከደንኩ ያገኘሁት የሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ነው። ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር አንድ ቀን አገልግሎኝ አያውቅም።

«አንተ አፍህን ከከፈትክ ሰው ሳይፈልግ ይገዛል» አለችኝ። «ለልጆቹም ሂሳብ ሽጥላቸዋ።»

«ልጆች ኪሳቸው ባዶ ነው።»

«ወላጆቻቸው አሉልህ» አለችና ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ነጭ ሸሚዝ ነበር። ነገሩ ቀድሞ እንዳለቀ የገባኝ ያኔ ነው።

መማር ስጀምር ወሬው ሰፈር ገባ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት ደጃፌ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ተቀየርክ አሉ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። የቀየርኩት ሙያ ብቻ ነው እማማ፣ አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን ለማንኛውም ብለው መረቁኝ።

እዚያ ትምህርት የሚከፈተው በጸሎት ነው። ጸላዩ በየተራ ነው፣ ጸሎቱ ደግሞ ከራስ የሚወጣ። አብረውኝ የሚማሩት ወጣቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ከቅርብ ወዳጅ ጋር እንደሚጨዋወት ሰው ይናገራሉ። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ ቄሱ ሲያዜሙ አሜን ማለት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ያለፈውን ነገር ካህናቱ ይጨርሱታል ብዬ ነው የኖርኩት። ተራዬ እስኪደርስ እህል አልበላ አለኝ። የደረሰ ቀን ተነሳሁና አባታችን ሆይን በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት። ገና ሰዉ ዓይኑን እየጨፈነ እያለ ጨርሻለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ከኋላ «አሜን ነው፣ አይደል?» አለ።

ይሄ እንግዲህ ትንሹ ፍርሃት ነው። ትልቁ በመጨረሻው መንፈቅ መጣ፤ የማስተማር ልምምድ። ቡልጋሪያ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ሂሳብ እንዳስተምር ተመደብኩ። አስተማሪያችን መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ። መጀመሪያ ያዩት ቀን ከወደቅኩ አንድ ጊዜ ይደግሙልኛል። ሦስተኛ የለም። ልምምዱን ያላለፈ ምስክር ወረቀት አያገኝም፣ ምስክር ወረቀት የሌለው መስከረም ላይ አይቀጠርም። የሱቁ ገንዘብ ለትምህርቱ አልቆ፣ ቤቱ በባለቤቴ ደሞዝ ብቻ ቆሟል። እሷም ጫማዋን በላይ በላዩ እያሰፋች «ምቹ ነው፣ እግሬን ለምዶታል» ማለት ጀምራለች።

አንተን ደግሞ ሰው ፊት መቆም ምን ያስፈራሃል ይሉኛል የሚያውቁኝ። ልንገራችሁ። ደንበኛ አያምነኝም። ዋጋ ስጠራ ግማሹን ሊቆርጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚሰማኝ። እኔም እንደሚቆርጥ አውቄ ነው የምጠራው። ጨርቁ አይለቅም ስል ትንሽ ይለቃል ብሎ ይወስዳል፣ እና ማንም አይጎዳም። የማያምን ሰው ፊት ማውራት ምን ችግር አለው? እነዚህ ልጆች ግን የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ስጽፍ ሁሉም አጎንብሰው ጻፉ። ዞር ብዬ «እ…» ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ፊት የተቀመጠው ልጅ እስኪርቢቶውን አነሳ። እጄ ላይ ጠመኔው ረጠበ። ካላማራቸው ወጥተው ወደ ቀጣዩ ሱቅ አይሄዱም። የተናገርኩትን ይዘው ነው የሚቀሩት።

አስተማሪያችን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሁሉንም ወንድሜ፣ እህቴ ነው የሚሉት፤ የሚጥሉትንም ጭምር። ያን ሐሙስ መጥተው የመጨረሻው ዴስክ ላይ እንደምንም ተጣጥፈው ተቀመጡ። እኔም ሰፊ ሱሪዬን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከመጋረጃ ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም። አንድ ሆቴል ስልሳ አራት ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ ገዛ፣ ሦስት አራተኛውን አዳራሹ ውስጥ ሰቀለ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ስንት ሜትር ነው አልኳቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ሰዓቱ ሄደ። ከኋላ የአስተማሪያችን እስኪርቢቶ ወረቀት ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። በመጨረሻ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለች ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አወጣች።

«አርባ» አለች።

ስህተት ነው ማለት ነበረብኝ። እንዴት አመጣሽው ማለት ነበረብኝ፤ ዓመቱን ሙሉ የተማርነው እሱን ነው። ግን ከጭንቅላቴ ውስጥ የተማርኩት ሁሉ ተጠራርጎ ወጥቷል። የቀረኝ ዱሮ የማውቀው ብቻ ነው።

«ጨምሪ» አልኳት።

«አርባ ሁለት።»

«ኧረ ጨመር አድርጊ።»

«አርባ አራት።»

ክፍሉ ሞቀ። ከግድግዳው በኩል አርባ አምስት የሚል ድምፅ መጣ። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ከፍ ከፍ አሉ፣ እኔም ነፍሴ ተመለሰች። ካዛንቺስ ሱቄ ውስጥ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ገበያው ደርቷል። ልጅቷ ከዚህ በላይ ካልክ እሄዳለሁ በሚል ፊት «አርባ ስድስት» አለች። ደወሉ ተደወለ። ሱቅ ሊዘጋ ሲል ደንበኛ ባዶ እጁን አይሸኝም። ለሁለት ሜትር ደግሞ ሰው አይጣላም።

«እሺ በቃ» አልኳት። «ይሁንልሽ።»

ከዚያ ሁሉም አጎነበሱና ጻፉት። አርባ ስድስት። ስንት ዓመት ስነግድ፣ ይሁንልሽ ብዬ ደብተሩ ላይ የጻፈው ሰው አልነበረም። አስተማሪያችንም አጎንብሰው ይጽፋሉ።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡኝና ዝም አሉ። ይህችን ዝምታ አውቃታለሁ፤ ዋጋ ከተጠራ በኋላ ያለችዋ ናት፣ ቀድሞ የተናገረ ይከስራል። ቀድሜ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ በደንብ ተሳትፈዋል አልኩ።

«ትክክለኛው መልስ ስንት ነው፣ ወንድሜ?»

«አርባ ስምንት።»

«ታዲያ እንዴት አርባ ስድስት ሆነ?»

ሳላስበው ወጣ። «ተስማማንበት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ልጆቹ ዛሬ ቤታቸው ገብተው ስህተት እንደሚያጠኑ፣ የሚያጠኑትም እኔን ስላመኑ መሆኑን በዚያች ዝግ ባለች ድምፅ ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ አላለፈም ብለው ጻፉ። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ክፍሉን መደበኛው መምህር ይይዘዋል፣ ያቺን ጥያቄ ግን እንዳይነካት እነግረዋለሁ አሉ። ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ የማስተካክላትም እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው። ምን ልታደርግ ነው አለችኝ። ምናልባት ሌላ ጥያቄ ሰጥቼ ያቺን ቀስ ብዬ አሳልፋታለሁ አልኳት። «ደብተራቸው ላይ አለ እኮ» አለች። «ተሳስቻለሁ በላቸው፣ በቃ።» በቃ ማለት ለሷ ቀላል ነው። ሸጦ የጨረሰውን ጨርቅ ጎደሎ ነበር ብሎ ደንበኛ ፍለጋ የሚሄድ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። እኔም ሄጄ አላውቅም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ላይ ቀና ብለው ሲያዩኝ ይታየኛል። ጥርሱ የተሰበረው በዚያ ሳምንት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ እንደ ልማዴ ስለት ልሳል። ሰማዕቱ፣ ይህችን ብቻ አሳልፈኝና ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ከነምንጣፉ፣ አልኩ። ሦስተኛውን ልጨምር አፌን ስከፍት ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ፤ ቂርቆስ ሕፃን ነው። ሲሰዋ ሦስት ዓመቱ ነበር። እንደገና ከልጅ ጋር ቆሜ ዋጋ እጫረታለሁ። አፈርኩ። ፈርቻለሁ፣ አልኩት ዝቅ ብዬ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም፣ ወጣሁ። ከራሴ የወጣ ጸሎት ከተባለ ያ ነው።

ሐሙስ ሰሌዳው ጋ ስቆም አስተማሪያችን እዚያው ዴስክ ላይ ተጣጥፈዋል። ቅዳሜ የወረደች ዋጋ ሰኞ እንደማትነሳ አውቃለሁ፣ ግን ጥያቄዋን እንደገና ጻፍኳት። ስልሳ አራት ሜትር፣ ሦስት አራተኛው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ባለፈው አርባ ስድስት ያልኳችሁ ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ያን የፈራሁትን አደረጉ። ሁሉም በአንድ ላይ ቀና አሉ። ሹሩባ የተሠራችዋ ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ይሁንልሽ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም። እሷም ቀልዳ አልነበረም፤ የተሰጣትን ዕቃ የተቀማች ሰው ፊት ነበራት።

«ብዬሻለሁ» አልኳት። «የኔ ያልሆነውን ነው የሰጠሁሽ። ይቅርታ።»

አስባ «ታዲያ ስንት ነው?» አለች። አርባ ስምንት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ተናግሬው ብገላገል ደስ ባለኝ። ነይ ውጪና ሥሪው አልኳት፣ ጠመኔውን ሰጠኋት። ሰሌዳው ፊት ቆመች። ጨምሪ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ትሯሯጣለች፤ በዚያ በተሰበረው ጥርስ ነክሼ ያዝኳት፣ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣ። የሆቴሉን ጨርቅ እኩል አራት ቦታ ቁረጪው፣ አልኳት ብቻ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ብላ ጻፈች። አንዱን ሰረዘች። የቀሩትን በጣቷ እየቆጠረች ደመረች።

«አርባ ስምንት» አለች። ወደ እኔ ዞራ ዓይን ዓይኔን አየች። «ይጨመር?»

«አይጨመርም። አይቀነስምም። እንዴት እንዳመጣሽው ለነሱ ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። ልጆቹ አርባ ስድስትን ማጥፋት ጀመሩ፤ የሰረዘ አለ፣ በላጲስ ያጠፋ አለ፣ ፊት የተቀመጠው ልጅ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወረቀቱን በሳው። ቀዳዳውን አየኋት። አሁንም አልፎ አልፎ ትታየኛለች።

አስተማሪያችን ማረፊያው ውስጥ አልፈሃል አሉኝ። አጥጋቢ የሚል ጻፉ፤ ከማለፊያዎቹ የመጨረሻው እሱ ነው። «የሰሌዳ ጽሑፍህ አይነበብም፣ ወንድሜ» ብለው ጨመሩ። ትንሽ ከፍ ቢደረግልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

መስከረም ላይ ተቀጠርኩ። ባለቤቴ ጫማ ገዛች፤ አሮጌው ይሻል ነበር ትላለች። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ እጄ ዛሬም ይረጥባል። ፍርሃቱ ይለቅሃል ብለውኝ ነበር። ጨርቁም ይለቃል ሲባል ነው የማይለቀው።

ሂሳቡ ይኸው። ወጪ፦ ሱቅ፣ ጥርስ፣ የዱሮው ሰውዬ። ገቢ፦ አንድ የመምህርነት ምስክር ወረቀት፣ ከሱቁ ገቢ የሚያንስ ደሞዝ። ፍርሃቱ አልተዘጋም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ዞሯል።